በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኳቸው ኪኒኖች

ልጄን በማጭድ የመታኋት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ መጨረሻ ላይ ሰምቶ እንዲደነግጥ የምፈልገው ሰው ስለሌለ ነው። ጠልቻት አይደለም። ጠጥቼም አይደለም። አንዳንዶች እንዳሉትም ጋኔን ይዞኝ አልነበረም። ከከባድ ሕመም እያገገምኩ ሳለሁ የምወስደውን መድኃኒት ማንንም ሳላማክር በማቋረጤ ነው።

የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ "አንች ጻፊው፣ እኔ ለሴቶቹ አነብላቸዋለሁ" ስትለኝ ብዙ ጊዜ እምቢ ብያታለሁ። ወሬ አላበዛም። ነገር ግን ያን ሁሉ ያመጣብን ዝም ማለቴ ስለሆነ፣ አሁንም ዝም ብል ጥፋቱን መድገም መሰለኝ።

የምንኖረው ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ባለቤቴ ታከለ ገበሬ ነው። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻችን ጎጆ ወጥተዋል። ቤት የቀረችው የመጨረሻዋ ልጃችን ስመኝ ናት። ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

ኅዳር ላይ ሩዝ እናጭዳለን። የዚያን ቀን የወንፈሉ ተራ የእኛ ነበር። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ማሳችን ላይ ተሰልፈዋል። ውሃው ገና አልጠፋም፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። በግራ እጄ ጭብጥ ሙሉ ሩዝ ይዤ ስስብ ማጭዱ አመለጠኝና የግራ እግሬን ከአውራ ጣቴ ሥር ሰነጠቀው። ደሜ ከጭቃው ጋር ተቀላቀለ።

"አንች፣ ውጭ ከማሳው!" አለችኝ ጎኔ የምታጭደው ጎረቤታችን እትዬ ጠጅቱ።

"ምንም አይደል" አልኳት።

ከመቀነቴ ቀድጄ አሰርኩትና ቀጠልኩ። ሰው በወንፈል ጠርቶ ከማሳ መውጣት ነውር ነው። በማግስቱም እዚያው ጭቃ ውስጥ ቆሜ ዋልኩ። ቁስሉ ቶሎ ገጠመ፤ እኔም ረሳሁት።

በአሥረኛው ቀን ግድም ስጎርስ መንጋጋዬ አልከፈት አለ። የጥርስ ሕመም መሰለኝ። ከተማ ወርጄ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። የመረመረኝ ልጅ ጉንጬን ጫን ጫን አደረገና ጥርስሽ መግል ይዟል ብሎ ኪኒን ሰጠኝ። እግሬን አላየም፤ እኔም አላሳየሁትም። ስመለስ እትዬ ጠጅቱ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። በሦስተኛው ቀን አንገቴ ደረቀ። ከንፈሬ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተወጥሮ ጥርሴ ተገለጠ፣ ቅንድቤም ወደ ላይ ተሰቀለ።

"እማ፣ ምን ያስቅሻል?" አለችኝ ስመኝ።

አልሳቅኩም ነበር። ፊቴ ነው በራሱ የሳቀው።

በዚያኑ ቀን ነፋስ የቆርቆሮ በራችንን አላተመው። ድምፁ ጀርባዬን እንደ ቀስት አጎበጠው። መሬት የነካው ማጅራቴና ተረከዜ ብቻ ነበር። ምላሴን ነከስኩት። ታከለ ሊያስተኛኝ ሲጫነኝ አጥንቴ ይንቋቋል፤ በነካኝ ቁጥር ይብስብኛል። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። እዚያ ያገኘችን ነርስ አፌን ሳይሆን እግሬን አነሳች።

"ይሄ መቼ ነው የተቆረጠው?"

ታከለ ነገራት።

"መንጋጋ ቆልፍ ነው" አለች። "ቴታነስ የምንለው። ስትወልድ ተከትባ ነበር?"

ስመኝን ሳረግዝ ሁለት ጊዜ ተወግቻለሁ። ለዕድሜ ልክ እንዲበቃ አምስት ጊዜ መሆን እንዳለበት ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ያልጨረሳችሁ ካላችሁ ሂዱና ጨርሱ።

ወደ ባሕር ዳር ወሰዱኝ። ሆስፒታሉ ውስጥ መስኮቱ በጨርቅ የተሸፈነ ክፍል አስገቡኝ። ብርሃንና ድምፅ ያን መወጣጠር ያስነሳዋል። ማንኪያ ከወደቀ፣ ሰው ካሳለ፣ ሰውነቴ ራሱን ይሰብራል። አንድ ቀን የጎን አጥንቴ ሲሰነጠቅ ድምፁን ሰምቼዋለሁ። የዚህ በሽታ ክፋቱ ሰው ራሱን አለመሳቱ ነው። ሁሉን እየሰማሁ፣ ሁሉን እያየሁ ነው የተሰበርኩት። መጮኽም አልችልም፤ አፌ ተቆልፏል።

ስሟን የማላውቃት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። የክፍሌ በር ላይ ስትደርስ ጫማዋን ታወልቃለች። ባልዲዋን ውጭ ትታ፣ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ተንበርክካ ወለሉን አብሳ፣ ትንፋሿን ሳታሰማ ትወጣለች። ማንም አላዘዛትም። ዛሬም በጸሎቴ የማስባት "ያች ጫማዋን የምታወልቀው" እያልኩ ነው።

ታከለ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ አይነሳም ነበር። የነርስ ኮቴ በሰማ ቁጥር ሞቴን ሊነግሩት የመጡ እየመሰለው ይቆም እንደነበር በኋላ ነግሮኛል። አንዱን በሬ ሸጦ ነው ያስታመመኝ። ስለዚያ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም።

ከእግዚአብሔር በታች ያዳነኝ ዲያዜፓም የሚባል መድኃኒት ነው። የተወጠረ ጡንቻ ያላላል፣ የተረበሸ መንፈስ ያረጋጋል። መጀመሪያ በደም ሥሬ፣ በኋላ በአፍንጫዬ በገባው ቱቦ፣ ሌት ከቀን ሰጡኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ በልቤ ተሳልኩ። "ጌታዬ፣ ይህን መንጋጋ ከከፈትክልኝ፣ በሚመጣው ዐቢይ ጾም ፀሐይ እስክትጠልቅ ምንም አላስገባበትም" አልኩ።

ስለቴን ለማንም አልተናገርኩም። ስለት በተሳለው ሰውና በፈጣሪው መካከል ይቀራል፤ ካወሩት የሚፈስ ይመስለናል። አፌ ሲፈታም ዝም አልኩ።

እሱ ከፈተልኝ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከሆስፒታል ወጣሁ። የምታክመኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ረጋ ብላ ነው የምትናገር።

"ይህን መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቆሙ። እየቀነስን የምናስቆማት እኛ ነን። ለቀጠሮው ይዘሃት ና" ብላ ለታከለ ነገረችው። እኔ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። እሱ ቤት ሲደርስ የያዘው "በቀን ሦስት ጊዜ" የሚለውን ብቻ ነው። ቀጠሯችን ሲደርስ ደግሞ መንገድ ተዘግቶ ቀረን። የቀረልን ኪኒን ብዙ ስለነበር አልተጨነቅንም።

ማንበብ የምትችለው ስመኝ ስለሆነች የመድኃኒቱ አዛዥ እሷ ሆነች። ኪኒኗን በመዳፌ ታስቀምጣለች፣ ውሃ ታቀብለኛለች፣ ከዚያ እንደ ነርሶቹ ወገቧን ይዛ ትቆማለች።

"አፍ ክፈች!"

እከፍታለሁ።

"ምላስ አውጭ!"

አወጣለሁ።

"ጎበዝ። ሂጅ ተኝ።"

አባቷ ሲስቅ "ሳቅ ክልክል ነው፣ ሕመምተኛ አለ" ትለዋለች። በምርኩዝ መሄድ ጀመርኩ። እግሬ ቢንቀጠቀጥም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደርሼ ተመለስኩ። ሰው ሁሉ እልል አለልኝ።

ዐቢይ ጾም ገባ። ሰኞ ጠዋት ስመኝ እንደ ልማዷ ኪኒኗን አመጣች። በመዳፌ ያዝኳት። እጄን ወደ አፌ አስጠጋሁ፣ ኪኒኗን በጣቶቼ መካከል አስቀረሁ፣ ጥርሴን ገጥሜ ውሃውን የጠጣሁ አስመሰልኩ። ባዶ አፌን ከፈትኩላት።

"ጎበዝ" አለችኝ።

ስትወጣ ኪኒኗን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳት። የቀኑንም እንዲሁ። የማታውን ብቻ እውጣለሁ። ቅዳሜና እሑድ እህል አይከለከልም፤ የእኔ ስለት ግን ቀን አልለየም። የንስሐ አባታችንን መምሬ ዓለሙን ብጠይቅ ኖሮ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ብጠይቃቸው ይከለክሉኛል ብዬ ፈራሁ። አንዲት የሕፃን ጥፍር የምታህል ኪኒን ምን ታመጣለች ብዬም ናቅኳት።

በሁለተኛው ሳምንት የማታውንም ተውኩ። ጤነኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እንኳ ለጸሎት ያነቃኝ እሱ ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ላብ ነበረ፤ በብርድ ጠዋት ቀሚሴን የሚያጥብ ላብ። እጄ ኩባያ አልያዝ አለ። ከቆዳዬ ሥር ጉንዳን ይሄዳል፤ ለማውጣት እስክደማ ቧጨርኩ። መንገድ ዳር ያለው የሩዝ መፈልፈያ ሲነሳ ድንጋዩ ራሴ ውስጥ የሚዞር ይመስለኛል። የሰው ድምፅ ጠላሁ። ታከለ "ደኅና አደርሽ?" ቢለኝ ምን አስቦ ነው የጠየቀኝ እላለሁ። አንድ ጠዋት የውሃ ጀሪካን አንስቼ ወረወርኩበት፤ ግንባሩን ፈነከተው። ደሙን በእጁ ጠርጎ አየኝ።

"አንች፣ ምን ሆነሻል?"

"ምንም" አልኩት።

ስመኝ እያየች ነበር። ቢሆንም የቀኑን ኪኒን አመጣች። ራቅ ብላ ቆማ እጇን ዘርግታ ሰጠችኝ፤ እኔም ቋጠርኩት።

በማግስቱ ቀትር ላይ ደጅ ተቀምጬ ነበር። ፀሐዩ ዓይኔን ይወጋኛል። ስመኝ ለጥጃው ሣር አጭዳ፣ ሸክሙን በራሷ፣ ማጭዱን በእጇ ይዛ መጣች። እኔ ያየሁት ግን ስመኝን አልነበረም። ያየሁት ማጭዱን ነው። ያ እግሬን የሰነጠቀው ማጭድ ቆሞ እየሄደ፣ ሊጨርሰኝ እየመጣ ነበር። ከላዩ ፊት የለውም፤ ሣር ብቻ ነው።

"እማ፣ ዛሬ ሣሩ..." ሲል ሰማሁት።

ተነሥቼ ያዝኩት። ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። በምርኩዝ የምሄድ ሴት ነበርኩ። ሸክሙ ወደቀ። ማጭዱን ከእጁ ነጠቅሁና መታሁት። ጮኸ። ድምፁ የልጄ ነበር፤ ያን እያወቅሁም እጄ እንደገና ተነሣ። ታከለ ከጓሮ ሮጦ ደርሶ በዱላው የእጄን አንጓ መታኝ። ማጭዱ በረረ። በእሱ ላይ ዞርኩ፤ ትከሻውን ነከስኩት። የጎረቤት ወንዶች ደረሱ። አንዱ በጉልበቱ ደረቴ ላይ ቆመ፣ ሌላው ጸጉሬን ይዞ ራሴን መሬት ላይ ጫነ። ከዚያ ሰውነቴ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ዓይኔ ተገለበጠ፤ አፌ ደምና አረፋ ሞላ።

ስነቃ በመጫኛ ከቤቱ ምሰሶ ጋር ታስሬ ነበር። ቤቱ ሰው ሞልቷል።

"መንጋጋ ቆልፉ ነው፤ ተመልሶባታል" ይላል አንዱ።

"ምን መንጋጋ ቆልፍ ትላለህ! መንጋጋዋ ቢቆለፍማ ታከለን ትነክሰው ነበር?" አለች እትዬ ጠጅቱ። "ልክፍት ነው። ጸበል ውሰዷት። ያን ኪኒኗንም ጣሉት፤ ጸበልና ኪኒን አንድ ላይ አይሄድም።"

"ባጃጅ ማን ይጭናታል? ባለ ባጃጁን ብትነክሰውስ?"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሳቅ ለታሰረ ሰው እንዴት እንደሚሰማው ከዚያ ቀን ወዲህ አውቃለሁ።

መምሬ ዓለሙ ገቡ። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ፣ ጥቂት ጸለዩ፤ ከዚያ ዞር ብለው አዩ። ስመኝ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ይዛለች። በጣቶቿ መካከል ደም ይንጠባጠባል። ሁሉም እኔን ሲያይ እሷን ያየ ሰው አልነበረም።

"የልጅቷ ደም እየፈሰሰ እናንተ እዚህ ሸንጎ ተቀምጣችኋል?" አሉ። "ጸበሉ የትም አይሄድም። መጀመሪያ ሐኪም ያያቸዋል። ባጃጅ ጥሩ!"

"አባቴ፣ እርስዎ አይጠጓት፣ ትነክስዎታለች" አለች እትዬ ጠጅቱ።

"ትንከሰኝ። ሥጋ የለኝም።"

በአንድ ባጃጅ ሄድን። እኔ ታስሬ በታከለ እቅፍ፣ ስመኝ በመምሬ ዓለሙ ጎን። ክንዷን በነጭ ጥምጣማቸው አስረውላታል። ጥምጣሙ ቀልቶ ነበር። እሷ አንድም ጊዜ ወደ እኔ አልዞረችም።

ጤና ጣቢያው መርፌ ሰጥቶኝ ወደ ባሕር ዳር ላከን። መንገዱ ያን ቀን ክፍት ነበር። ያች ሐኪም ስታየኝ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ኪኒኑ ነው።

"መድኃኒቷን አቋርጣለች?"

"አላቋረጠችም" አለ ታከለ። "ይች ልጅ ናት በቀን ሦስቴ የምትሰጣት።"

"ይህ የመድኃኒት መቋረጥ ምልክት ነው። እርግጠኛ ናችሁ?"

ታከለ ወደ ስመኝ ዞረ። ክንዷ ተሰፍቶ በፋሻ ተጠቅልሏል።

"አልሰጠሻትም?"

"ሰጥቻታለሁ።"

"ዋሽተሻል! ልትጫወች እየሄድሽ ረስተሻል!"

"ሰጥቻታለሁ አባባ፣ በማርያም፣ አፏን አይቻለሁ..."

በጥፊ መታት። ታከለ ልጅ መትቶ አያውቅም ነበር። ኮሪደሩ ላይ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ዞሩ። ልጄ አላለቀሰችም። ጉንጯን እንኳ አልያዘችም፤ ግራ እጇ የተሰፋውን ክንዷን ይዟል።

እኔ አልጋው ላይ ነበርኩ። በመርፌው ረግቼ እጄን ፈተውልኛል። መናገር ፈለግሁ። ስንዘፈዘፍ የነከስኩት ምላሴ አብጦ አፌን ሞልቶታል፤ ቃል አልወጣ አለ። በታመምኩበት ጊዜ ሁሉ፣ ያን የኅዳሩን ጨምሮ፣ የዚያችን ደቂቃ ያህል የተሠቃየሁበት የለም። ነጠላዬን ሳብኩ። ጫፉን ፈለግሁ። ቋጠሮው ጠብቋል፤ ጣቴ ይንቀጠቀጣል። በጥርሴ ይዤ ፈታሁት። ኪኒኖቹ ብርድ ልብሱ ላይ ፈሰሱ፤ ከዚያ ወደ ወለሉ እየተንከባለሉ ወረዱ። ሠላሳ ገደማ ይሆናሉ። የታችኞቹ በላቤ ረጥበው ዱቄት ሆነዋል።

አንዷ እየተንከባለለች ስመኝ እግር ሥር ቆመች። ስመኝ አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ። የዚያን ዓይን ነገር አልጽፈውም።

ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። መናገር ስችል አልጋዬ ላይ ተቀምጣ አስረዳችኝ።

"ከየት ነሽ? ከፎገራ? ርብ ወንዝ ሲሞላ በአፈር ታግዱታላችሁ አይደል? ይህ መድኃኒት ለወራት ሰውነትሽን አግዶ ይዞት ነበር። ያን አፈር በአንድ ቀን ብታነሺው ውሃው የት ይሄዳል?"

"ወደ ቤት" አልኩ።

"ወደ ቤት ነው የገባው። አሁን ቀስ እያልን፣ በአካፋ ሳይሆን በማንኪያ እናነሳዋለን። አንዱን ኪኒን ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት እየከፈልሽ። እንደ ሱስ እንዳታይው፤ ጥፋትም አይደለም። ሰውነት የለመደውን ነው የሚጠይቀው።"

መምሬ ዓለሙ ሊጠይቁኝ መጡ። ስለቴን ነገርኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጆሮ።

"ልጄ፣ አባት ያለሽ ሴት ነሽ። ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ይከለክሉኛል ብዬ።"

"ታዲያ እንደምከለክልሽ ካወቅሽ መልሱን ታውቂው ነበር እኮ! እኔም የደም ግፊት ኪኒን እውጣለሁ። ሕመምተኛ በመድኃኒቱ ጾም አይሽርም።" መስቀላቸውን አንሥተው ፈቱኝ። "ከእንግዲህ ጠዋት ትውጫለሽ። ቀኖና ደግሞ እሰጥሻለሁ። ልጅሽ ፊቷን እስክትመልስልሽ ድረስ እንዳትቸኩይባት። እንድትምርሽ እንዳትለምኛት። ጠብቂ። ስግደት ይቀልሽ ነበር።"

እውነታቸውን ነበር።

ቤት ስንመለስ ስመኝ እትዬ ጠጅቱ ቤት አደረች፤ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ። ማጭድ፣ ቢላዋ፣ መጥረቢያ ሁሉ ከቤታችን ወጣ። ኪኒን የሚከፍል ግን ጠፋ። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ምላጭም አይሰጠኝም። የታከለ ጣት ወፍራም ነው፤ ይሰባብራታል። በሁለተኛው ቀን ስመኝ ሳትጠራ መጣች። ከእኛ ራቅ ብላ ደጁ ላይ ተቀመጠች፤ ቀኝ ክንዷ ታስሮ ስለነበር በግራ እጇ ምላጩን ይዛ ኪኒኗን በጥንቃቄ ለሁለት ከፈለች። ግማሿን በትንሽ ሳህን አድርጋ መድረኩ ላይ አስቀመጠች፤ ወደ ኋላ አሥር እርምጃ ሄደች።

ሄጄ ወሰድኩ። ዋጥኩ። አፌን ከፈትኩላት። አላየችኝም፤ ሄደች።

በየቀኑ እንዲሁ ነበር። መቀነስ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዲት ሩብ በተቀነሰች ቁጥር አራት አምስት ቀን እነዚያ ጉንዳኖች ይመለሳሉ። ጥርሴን ስነክስ መንጋጋዬ ይጮኻል። ቁጣው ከእግሬ ተነሥቶ ሲመጣ ይታወቀኛል። ያን ጊዜ ለታከለ እነግረዋለሁ፤ መናገርን የተማርኩት ያኔ ነው። "መጣብኝ" እለዋለሁ። ዱላ ይሰጠኝና ወደ ማሳ ያወጣኛል። ደርቆ እንደ ድንጋይ የሆነውን ጓል እያሳደድኩ እፈጨዋለሁ። እጄ እስኪላጥ፣ አፌ አፈር እስኪሞላ እመታለሁ።

"ዛሬ ማንን ነው የምትገይው?" ይለኛል ታከለ ከሩቅ ቁጭ ብሎ። ትከሻው ላይ የጥርሴ ምልክት አለ።

"ተወኝ፣ አትጠጋ።"

"አልጠጋም። ግን ያንን ዳር አልፈሽዋል፣ ምቺው።"

በዚያ ዓመት የእኛን ማሳ ያህል የለሰለሰ አልነበረም።

አንድ ቀን ስመኝ ሳህኑን አላስቀመጠችም። ከቆመችበት ሆና ኪኒኗን ወረወረችብኝ።

"እንኪ! ደሞ ቋጥሪው!"

ኪኒኗ ደረቴን መትታ ግቢው አፈር ላይ ወደቀች። ታከለ ሊነሣ ሲል በዓይኔ ከለከልኩት። ተንበረከክሁ። ፈለግኋት። የዶሮ ኩስ አጠገብ አገኘኋት። ሳላራግፍ ዋጥኳት። አፌን ከፈትኩ፣ ምላሴን አወጣሁ፣ እዚያው ተንበርክኬ ጠበቅኋት። ልጄ ቆማ አየችኝ።

"አንች እያወቅሽ እኔ ተመታሁ" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። ያን ቀን ሮጣ አልሄደችም። ቀስ ብላ ነው የሄደችው። ታከለ በዚያው ሳምንት እትዬ ጠጅቱ ቤት ሄዶ፣ ሰው ባለበት፣ ልጁን ይቅርታ ጠየቃት። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ በእኛ አገር ብዙ አይታይም።

ፋሲካ ያለ እሷ ዋለ። ሆኖም ሳህኑ ከመድረኩ ወደ ውስጥ፣ በየሳምንቱ አንድ ክንድ ያህል ቀረበ። እኔም አልቸኮልኩባትም።

ይህን የምታደምጡ እናቶች፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት የምታቆሙበትን ቀን ሐኪሙን ጠይቁ። ጾም ወይም ስለት ካለባችሁ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ሁለቱንም ካፈራችሁ ለባላችሁ ንገሩ። አስታማሚዎችም፣ ጤነኛ የነበረ ሰው በድንገት ሌላ ሰው ሲሆንባችሁ፣ መጫኛ ከማንሣታችሁ በፊት መድኃኒቱን እየወሰደ እንደሆነ እዩ። ነጠላውንም ፈትሹ።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ጀመረ፤ ሜዳው ላይ ሩዝ ይዘራል። የመጨረሻዋ ሩብ የምትዋጥበት ቀን ነበር። ቤት ብቻዬን ተቀምጬ ሳህኑን ስጠብቅ ስመኝ ገባች። መድረኩ ላይ አልቆመችም። መጥታ ፊት ለፊቴ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ምላጩን አወጣች፣ ሩቧን ከግማሿ ለየች፤ አሁን በቀኝ እጇ ነው። ክንዷ ላይ ጠባሳው ያብረቀርቃል።

"አፍ ክፈች" አለችኝ።

ከፈትኩ። በመዳፌ አላስቀመጠችውም። በሁለት ጣቷ ይዛ፣ እንደ ጉርሻ፣ አፌ ውስጥ አደረገችው። ዋጥኩት።

"ምላስ አውጭ።"

አወጣሁ። ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ጠባሳ አለው" አለች።

"አለው።"

"ያማል?"

"አሁን አያምም።"

ክንዷን አየች፣ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች። "ዛሬ እዚህ ነው የማድረው" አለች። "የእትዬ ጠጅቱ ቤት ቁንጫ አለው።"

"እሽ" አልኳት።

ከተነሣች በኋላ ምላጩን አስታወሰችው። አንሥታ በወረቀቱ ጠቀለለችው፤ ወዴት እንደምታስቀምጠው ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ለእኔ ሰጠችኝ።

"አንች ያዥው" አለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ውሃ ልትቀዳ ወጣች።

ያዝኩት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ተመስገን።